ጅማ ላይ የጋራ አትክልት ቦታን ለዊልቸር ማመቻቸት፦ ከአስፋልቱ እስከ መደቡ

ብዙ ማኅበር ሥራውን የሚጀምረው ከመደቡ ነው። ከፍ ያለ፣ ያማረ መደብ ይሠራል፤ ፎቶ ይነሳበታል። ዊልቸር ተጠቃሚው ግን በሩ ላይ ይቀራል። ወይ የብረት በሩ ደፍ አላሳልፍ ይለዋል፣ ወይ ሰኔ ላይ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጎማው ይሰምጣል።

ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ከአስፋልቱ ተነስተን ወደ ውስጥ እንገባለን። መደብ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚታሰበው ውሃ ነው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት ከተማ በበጋ ተለክቶ በበጋ የተመረቀ መንገድ አይታመንም።

ከመጀመራችሁ በፊት

*ጊዜውን ምረጡ።* ቁፋሮና ሲሚንቶ ከኅዳር እስከ ጥር ይለቅ። የካቲት መጨረሻ ላይ ከጀመራችሁ የበልግ ዝናብ ጉድጓዳችሁን ይሞላዋል። ልኬቱን ግን በክረምት አድርጉት። ውሃ የት እንደሚተኛ፣ በየት በኩል እንደሚገባ ያኔ ነው የሚታየው። ኖራ በትኑበት ወይም ችካል ትከሉበት፤ ኅዳር ላይ ስትመለሱ ይጠቅማችኋል።

*ተጠቃሚዎቹን ጥሩ።* ለምርቃት ሳይሆን ለልኬት። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው ይምጣ፤ አንዱ ዊልቸር ከሌላው ይለያያልና። ከእያንዳንዱ ሰው እነዚህን ለኩ፦ የዊልቸሩን ስፋት ከነእጁ፣ ከእግር ማሳረፊያው እስከ ኋላ ጎማው ያለውን ርዝመት፣ ከመሬት እስከ ጉልበቱ ላይ፣ ከመሬት እስከ እጅ ማሳረፊያው፣ እጁን ወደ ፊትና ወደ ጎን ሲዘረጋ የሚደርስበትን።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ከተማችን ውስጥ በእጅ የሚሽከረከረው ባለሦስት ጎማ ሳይክልም ብዙ ነው። እሱ ከዊልቸር ይረዝማል፤ እንደ ዊልቸር ባለበት ቦታ አይዞርም። ከተጠቃሚዎቻችሁ አንዱ እንኳ በሱ የሚመጣ ከሆነ ቦታውን ዞሮ የሚመለስ መንገድ ወይም በሩ አጠገብ ሰፊ ማቆሚያ ያስፈልጋችኋል።

*መሣሪያ አሰባስቡ።* ሜትር፣ ሲባጎ፣ ችካል፣ ውሃ ልክ፣ ውስጡ የሚያሳይ 10 ሜትር ቀጭን ቱቦ፣ ቀጥ ያለ 120 ሳንቲ ሜትር ጣውላ፣ አንድ 6 ሳንቲ እና አንድ 10 ሳንቲ ቁመት ያለው የእንጨት ቁራጭ። የቁራጮቹን ጥቅም አሁን ታዩታላችሁ።

## 1. መንገዱን ለኩ

ከባጃጅ መውረጃው ጀምሩ። ከዚያ እስከ ሩቁ የአትክልቱ ጥግ ድረስ ተጠቃሚው ራሱ ይሂድ፤ እናንተ ከኋላው ምልክት አድርጉ። ጤነኛ ሰው ዊልቸር ላይ ተቀምጦ «ይሄማ ያስኬዳል» ማለት አይሠራም። እግሩን መሬት ማስነካት ስለሚችል ሳያውቀው ራሱን ያግዛል።

ቁልቁለቱን እንዲህ ለኩ፦

1. ጣውላውን በመንገዱ አቅጣጫ መሬት ላይ አስቀምጡ።
2. በዝቅተኛው ጫፍ ሥር የ6 ሳንቲውን ቁራጭ አስገቡ።
3. ውሃ ልኩን ጣውላው ላይ ጫኑ። ዓረፋው መሃል ከሆነ ቁልቁለቱ 1 ለ 20 ነው፤ ማለትም በ20 ሳንቲ ርዝመት 1 ሳንቲ ይወርዳል። ለመንገድ ጥሩ ነው፤ ያለ ሰው እርዳታ ይገፋል።
4. ጣውላው ገና ወደ ታች ካዘመመ በ10 ሳንቲው ቀይሩ። አሁን ቀጥ ካለ 1 ለ 12 ነው። ይህ የራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መውጫ) የመጨረሻ ወሰን ነው።
5. በ10 ሳንቲውም ካልተስተካከለ እዚያ ቦታ ላይ መንገድ አታስቡ። ወይ መሬቱ ይቆረጣል፣ ወይ መንገዱ ይጠመዘዛል።

በጅሬን በኩል ያላችሁ አምስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ ጊዜ ትደርሳላችሁ። ያኔ ከቁልቁለቱ ጋር አትታገሉ። መደቦቹን ከላይ፣ መግቢያው አጠገብ ባለው ደልዳላ ቦታ ሰብስቡና ተዳፋቱን ለቡናና ለሙዝ ተዉት። አዌቱ ወንዝ ዳር ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ሌላ ነው፤ ደረጃ 3ን ሁለቴ አንብቡ።

## 2. በሩና ቦዩ

የግቢያችን በር ብዙ ጊዜ ትልቅ የቆርቆሮ በር ሆኖ ትንሽ የሰው መግቢያ አለው። የትንሿ በር ደፍ ደግሞ እግር አንስተው የሚሻገሩት ብረት ነው። ለዊልቸር ይህ ግድግዳ ማለት ነው። «ትልቁን በር እንከፍትለታለን» የሚል መልስ አትቀበሉ። ቁልፉን የያዘው ሰው ባልመጣ ቀን ሰውየው ውጭ ይቀራል።

- የትንሿን በር ደፍ በብየዳ ቤት አስቆርጡ። በሩ እንዳይላላ ብረቱ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይታሰር። የሚቀረው ከፍታ ከ1 ሳንቲ አይብለጥ።
- በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ክፍት ቦታ 90 ሳንቲ ይሁን። የምትለኩት ከመቃን እስከ መቃን ሳይሆን ከተከፈተው በር ፊት እስከ ማዶው መቃን ነው።
- መወርወሪያውን ከመሬት 90 እስከ 100 ሳንቲ ላይ አድርጉት። ከውስጥም ከውጭም ይከፈት።
- ከበሩ በፊትም በኋላም 150 በ150 ሳንቲ ደልዳላ ቦታ ተዉ። ሰውየው በሩን ሲከፍት ዊልቸሩ ወደ ኋላ መንሸራተት የለበትም።

ከበሩ ፊት የጎርፍ ቦይ ካለ በብረት በተጠናከረ የሲሚንቶ ክዳን ሸፍኑት። ቦዩ የከተማው ስለሆነ መጀመሪያ ቀበሌውን አስፈቅዱ። በብረት ፍርግርግ የምትሸፍኑ ከሆነ የፍርግርጉ ክፍተት ከ1 ሳንቲ ብዙም አይለፍ፤ ዘንጎቹም ከጉዞው አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ ይሁኑ። በጉዞው አቅጣጫ ከተጋደሙ የፊት ትንንሽ ጎማዎች ገብተው ይቀረቀራሉ፤ ሰውየው በግንባሩ ይደፋል። ይህ ማጋነን አይደለም።

## 3. ውሃውን አስወጡ

መንገድ ከመቆፈራችሁ በፊት ውሃው መሄጃ ይኑረው።

1. ከመሬቱ የላይኛው ወገን በኩል ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ጥልቀቱ 30፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ይሁን።
2. የቦዩን መውጫ ወስኑ። የጎረቤት አጥር ሥር አታውጡት፤ ክረምት ላይ ጠብ ይዞ ይመጣል።
3. ቦዩ መንገዱን የሚያቋርጥ ከሆነ ከመንገዱ በታች ቱቦ ቅበሩ። «ትንሽ ነው፣ በላዩ ይለፍ» አትበሉ። የደረቀ ጅረት የተወው ስርጉድ ለጎማ ወጥመድ ነው።

አፈሩንም እዩ። ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፤ ከሥሩ በደንብ ከተደለደለ መንገድ ይሸከማል። ጥቁሩ መረሬ ግን በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተጫነውን ሁሉ ይዞ ይነሳል፣ ይወርዳል። ጥር ላይ መሬቱ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካወጣ መረሬ ላይ ናችሁ። ቢያንስ 40 ሳንቲ ቆፍራችሁ አውጡና በገረጋንቲ ተኩት። ከዚያም በታች መረሬው ከቀጠለ አንድ ወጥ ሲሚንቶ አታፍስሱ፤ መሰንጠቁ አይቀርም። ተነቅሎ እንደገና ሊነጠፍ የሚችል የሲሚንቶ ታይል ይሻላል።

## 4. መንገዱን ሥሩ

ገንዘቡ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ካልበቃችሁ 40 ሜትር ደካማ መንገድ ከመዘርጋት 10 ሜትር ጠንካራ ሥሩና መደቦቹን ወደ በሩ አምጡ።

*ስፋት።* ዋናው መንገድ 120 ሳንቲ። ሁለት ዊልቸር የሚተላለፍበት ቦታ 180። በየመንገዱ ጫፍና በየመደቡ ራስጌ 150 በ150 ሳንቲ መዞሪያ።

*ቅደም ተከተል።*

1. በሲባጎና በችካል ሁለቱን ጠርዝ አስምሩ።
2. ከፍታውን በቱቦ አስተካክሉ። ቱቦውን ውሃ ሙሉት፤ ሁለት ሰው ሁለቱን ጫፍ ይዞ ይቁም፤ የውሃው ከፍታ እኩል ነው። ውስጡ የአየር አረፋ ካለ ልኬቱ ይዋሻል፤ ጫፉን ዝቅ አድርጋችሁ አስወጡት።
3. 25 ሳንቲ ቆፍሩ። ሥር፣ ሳርና ጥቁር አፈር አንድም አይቅር።
4. ገረጋንቲ በሁለት ዙር ሙሉ፤ በየዙሩ 7 እስከ 8 ሳንቲ። እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁ። በአንድ ጊዜ 15 ሳንቲ ሞልቶ ከላይ ብቻ መጠቅጠቅ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ክረምት ላይ ይሰምጣል።
5. በጣውላ ፎርም አስሩና 10 ሳንቲ ሲሚንቶ አፍስሱ፦ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር። 10 ሜትር በ120 ሳንቲ ለሚሆን መንገድ 4 ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ ይፈጃል።
6. ወደ አንድ ጎን ብቻ ትንሽ አዝምሙት፤ ለ120 ሳንቲ ስፋት 2 ሳንቲ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ዊልቸሩ ወደ ጎን ይጎተታል፤ ተጠቃሚው ሙሉውን መንገድ በአንድ እጁ ሲታገል ይውላል።
7. በየ1.5 ሜትሩ 2.5 ሳንቲ ጥልቀት ያለው መለያያ አስምሩ። ስፋቱ ከ1 ሳንቲ በታች ይሁን።
8. ሳይደርቅ በመጥረጊያ ከጉዞው አቅጣጫ መስቀለኛ ጥረጉት፤ ሻካራ ይሁን።
9. በጆንያ ሸፍናችሁ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት።

ግንበኛውን ከመጀመሩ በፊት አስጠንቅቁት፦ ሊሾ እንዳይሆን። ጎበዝ ግንበኛ ሁሉ እጁ የሚሄደው ወደ ማለስለስ ነው፤ ካላለሰለሰ የሠራ አይመስለውም። በዝናብ ቀን ሊሾ ላይ ጎማ ይንሸራተታል፣ ክራንች የያዘ ሰውም ይወድቃል። ካለሰለሰው በኋላ ደርሳችሁ ካገኛችሁት በመዶሻና በመሮ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ውቀሩት። አሰልቺ ነው፤ አማራጭ ግን የለውም።

ኮብልስቶንስ? ለመኪና ደግ ነው። ለዊልቸር ግን ጀርባ ያንቀጠቅጣል፣ በድንጋዮቹ መሃል ያለው ክፍተትም የፊት ጎማ ይይዛል። ቀድሞ የተነጠፈ ካላችሁ አትንቀሉት፤ መሃሉ ላይ 120 ሳንቲ ስፋት ያለው የሲሚንቶ መስመር አስገቡ።

የቡና ገለባ ጅማ ላይ በሽ ስለሆነ ጭቃ ላይ መበተን ይቀናናል። መንገድ ላይ አትበትኑ። ሲደርቅ ጎማ ያሰምጣል፣ ሲበሰብስ ያዳልጣል። ቦታው የኮምፖስት ክምር ነው።

ሲበላሽ፦ መንገዱ ላይ ውሃ ከተኛ ከላይ ሲሚንቶ አትለጥፉበት፤ በክረምቱ መሃል ይላቀቃል። ያንን አንድ ክፍል ከመለያያ እስከ መለያያ ሰብራችሁ አውጡና ገረጋንቲውን እንደገና ጠቅጥቁ። መለያያው የተሠራው ለዚህም ጭምር ነው።

## 5. ራምፕ ካስፈለገ

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከፍታውን በ12 አባዙ። 30 ሳንቲ ለመውጣት 3 ሜትር ከ60 ርዝመት ያስፈልጋል። ቦታ ካላችሁ በ20 አባዙና 6 ሜትር ሥሩ፤ ክንዱ ደካማ የሆነ ሰው ያመሰግናችኋል።

ከታችም ከላይም 150 ሳንቲ ደልዳላ ቦታ ይኑር። በሁለቱም ጎን ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ከፍታ ላይ መያዣ ብረት አድርጉ። ጠርዙ ላይ 7 እስከ 10 ሳንቲ ከንፈር አብጁ፤ ጎማ እንዳይወርድ። ከፍታው ከ75 ሳንቲ ካለፈ መሃል ላይ ማረፊያ ይግባ።

ቦታ ጠቦን ብሎ ራምፑን ማሳጠር አይቻልም። ቦታ ከሌለ ማረፊያ ሠርታችሁ እዚያ ላይ እጠፉት ወይም መግቢያውን በሌላ በኩል ክፈቱ። ሁለት ጣውላ አጋድሞ በሰው ማስገፋት ለአንድ ቀን ያገለግል ይሆናል፤ ለአትክልት ቦታ ግን ሰው የሚመጣው በየቀኑ ነው።

## 6. መደቦቹ

ሁለት ዓይነት አለ። ሁለቱንም ሥሩ፤ ሰው እንደ አካሉ ይመርጣል።

ሀ. የጎን መደብ። ተጠቃሚው ዊልቸሩን ከመደቡ ጎን አቁሞ ሰውነቱን አዙሮ ይሠራል። ከፍታው 60 ሳንቲ፤ ማለትም 3 ረድፍ ብሎኬት።

- ከአንድ ወገን ብቻ የሚደረስ ከሆነ ስፋቱ 60 ሳንቲ፣ ከሁለት ወገን ከሆነ 120። የሚለካው ከግንቡ የውጭ ፊት ነው። በባለ 20 ብሎኬት ከሠራችሁ ከእጁ ላይ 20 ሳንቲ ግንቡ በላው ማለት ነው። ባለ 10 ተጠቀሙ።
- ባለ 10 ቀጭን ስለሆነ እርጥብ አፈር ሊገፋው ይችላል። መሠረት አውጡለት፤ ማዕዘኖቹ ላይና በየሜትሩ ፌሮ አቁማችሁ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሙሉት።
- ከሥር በየሜትሩ የውሃ መውጫ ቱቦ ተዉ፤ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ማዶው።
- የላይኛውን ጠርዝ አለስልሱ። ሊሾ የሚፈቀደው እዚህ ጋ ብቻ ነው፤ ክንድ ይደገፍበታልና።

ለ. የጠረጴዛ መደብ። ጉልበት ከሥሩ ይገባል፣ ሰውየው ፊት ለፊት ይሠራል። ወገባቸውን ማዞር ለማይችሉ ይህ ብቻ ነው የሚሆነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጉልበት እንዲገባ ከሥር 70 ሳንቲ ክፍት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ 25 ሳንቲ አፈር ከጫናችሁ የላዩ ጠርዝ ከነወለሉ ውፍረት 97 ይደርሳል፤ ሰውየው እጁን እስከ ደረቱ አንስቶ ይሠራል፣ በሩብ ሰዓት ይደክማል። መፍትሔው የሳጥኑን ወለል ማዝመም ነው፦ ከፊት፣ ከጉልበቱ በላይ 12 ሳንቲ አፈር፤ ከኋላ፣ ጉልበት ከማይደርስበት ወዲያ 25 ሳንቲ። ያኔ የላዩ ጠርዝ 84 ገደማ ላይ ይቀራል።

1. ጉልበት የሚገባበት ጥልቀት ቢያንስ 48 ሳንቲ፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ስፋት ቢያንስ 80 ይሁን። 2 ሜትር ጠረጴዛ በመሃል እግር ለሁለት ከተከፈለ ለሁለት ሰው ይበቃል።
2. እግሮቹን አጠንክሩ። 2 ሜትር በ60 ሳንቲ የሆነ ሳጥን አፈሩ ሲርስ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። 10 በ10 እንጨት ወይም የብረት ቋሚ ይሁን።
3. እንጨት ከሆነ እግሮቹን መሬት ውስጥ አትቅበሩ፤ ምስጥ ይጨርሳቸዋል። ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ አቁሟቸው።
4. ወለሉን በወፍራም ላስቲክ አልብሱ። ቀዳዳ ከኋላ በኩል ብቻ ይውጣ፤ ውሃው ጉልበት ላይ መንጠባጠብ የለበትም።

እንጨት ከምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ ዘይት መቀባት የታወቀ ነው። የምትበሉት የሚበቅልበትን አፈር በሚነካ እንጨት ላይ ግን አትቀቡ።

ይህን ሳታዩ አትለፉ፦ አከርካሪያቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎች እግራቸው ላይ ስሜት የላቸውም። ከጠረጴዛው ሥር የወጣ ምስማር፣ የሽቦ ጫፍ ወይም ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ሲያቆስላቸው አያውቁም። ቁስሉ ደግሞ ቶሎ አይድንም። መደቡ ካለቀ በኋላ ባዶ መዳፋችሁን ከሥር ዳር እስከ ዳር አሳልፉ። የቧጠጣችሁን ሁሉ ቁረጡ፣ ሞርዱ፣ ሸፍኑ።

ሲበላሽ፦ ዊልቸሩ ገብቶ እጅ ማሳረፊያው ከነካ ጠረጴዛውን ለሁሉም ከፍ አታድርጉ። ከእግሮቹ ሥር 5 ሳንቲ የሲሚንቶ መርገጫ ጨምሩ፤ ለአንዱ ጠረጴዛ ብቻ። ሌላውን ዝቅ እንዳለ ተዉት።

## 7. አፈርና ተክል

2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ። የቡና ገለባ ኮምፖስት ጥሩ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ፣ ሙቀቱ ወጥቶለት፣ የአፈር ሽታ ሲኖረው ብቻ። ትኩሱን ከጨመራችሁ ችግኙ ቢጫ ይሆናል።

ከፊት ባለው ስስ አፈር ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ በሶብላ። ከኋላ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቃሪያ። ጎመንና ቲማቲም ከፍ ባለ መደብ ላይ አትትከሉ፤ ሲያድጉ ከእጅ ያመልጣሉ። ከመንገዱ ዳር መሬት ላይ በባልዲ ተክሏቸው። ቁመታቸው ሲጨምር ቅጠሉና ፍሬው ራሱ ወደ እጅ ይመጣል። ከተቀመጡበት የሚደረሰው ከ40 እስከ 120 ሳንቲ ያለው ነው።

## 8. ውሃና መሣሪያ

- ቧንቧው ከመሬት 80 እስከ 90 ሳንቲ ላይ ይሁን። የሚጠመዘዘውን ሳይሆን በእጀታ የሚከፈተውን ግዙ፤ ጣቱ ደካማ የሆነ ሰው በክርኑ ይከፍተዋል።
- ከቧንቧው ሥር ሲሚንቶና ማፍሰሻ ይኑር። የግቢው የመጀመሪያ ጭቃ የሚወለደው እዚያ ነው።
- ጎማ ቱቦ መንገድ ላይ ተዘርግቶ አይደር። ከመደቡ ጎን 90 ሳንቲ ላይ መስቀያ ምቱለት።
- ቧንቧው ከሚጠፋበት ቀን ለመዳን ሮቶ ከመደቡ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ጄሪካን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚሄድ ሰው መኖር የለበትም።
- መኮትኮቻና ማንኪያ እጀታቸው አጭርም ረጅምም ይሁን። እጀታውን በብስክሌት ካላማዳሪያ ሸፍናችሁ አወፍሩት፤ ክር አስራችሁ ከዊልቸሩ ጋር አያይዙት። የወደቀ መኮትኮቻን ማንሳት ለአንዳንዱ የቀኑ ትልቁ ሥራ ነው።

## 9. ጥላና ሽንት ቤት

ከመደቡ አጠገብ ዊልቸር የሚቆምበት ጥላ ይኑር፤ አግዳሚ ወንበር ጎን 90 በ120 ሳንቲ ባዶ ቦታ ተዉ። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በየጊዜው ክብደቱን ማንሳትና ማረፍ አለበት።

ሽንት ቤቱ ካልተመቸ ሰዎቹ ውሃ ሳይጠጡ መጥተው ቶሎ ይሄዳሉ፤ ምክንያቱንም አይነግሯችሁም። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ውስጡ 150 በ150 ይሁን፣ መቀመጫው ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ይሁን፣ ጎኑ ላይ ሰው የሚሸከም ብረት ይተከል። ብረቱን እናንተ ተንጠልጥላችሁ ሞክሩት።

## 10. በዝናብ ማግስት ሞክሩ

ደረቅ ቀን ላይ ያለፈ ሙከራ አይቆጠርም። ጥሩ ዝናብ በዘነበ ማግስት መጀመሪያ የለካችኋቸውን ሰዎች መልሳችሁ ጥሩ። ብቻቸውን ከባጃጅ ይውረዱ፣ በሩን ይክፈቱ፣ ውሃ ይቅዱ፣ አንድ ችግኝ ይትከሉ፣ ሽንት ቤት ይግቡ፣ ይውጡ። ሰው እጁን የዘረጋላቸው ቦታ ሁሉ ገና አላለቀም፤ ምልክት አድርጉበት።

ከዚያ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ዙሩ። የካቲት ላይ ቦዮቹን ጥረጉ፣ የተሰነጠቀ መለያያ ሙሉ። ጥቅምት ላይ ደግሞ መንገዱ ላይ የወጣውን አረንጓዴ ሽበት በደረቅ ብሩሽና በአሸዋ ፈግፍጉ፣ የጠረጴዛ እግሮችን ለምስጥ ፈትሹ፣ የበሩ ማጠፊያ ወርዶ ደፉን መንካት ከጀመረ ወደ ብየዳ ቤት ውሰዱት።